የፀሐይ ፈረቃ፦ አንድ ሶላር ለጉድጓድ ፓምፕና ለቤት መብራት



ጀመዓችን ለሶደቀቱል ጃሪያ ገንዘብ በሚያሰባስብበት ጊዜ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ ጉድጓድ ነው። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው በሞቱ ጊዜ ከሶደቃ የትኛው እንደሚበልጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው፣ ውሃ መሆኑ ሲነገራቸው በእናታቸው ስም ጉድጓድ ማስቆፈራቸውን አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የዛሬ ጉድጓድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሶላር ይዞ ይመጣል። ሶላሩ ሲመጣም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ «ያው ፓኔል ማታ ማታ ለመድረሳው፣ ወይም ጉድጓዱን ለሚጠብቀው ሰው ቤት መብራት አይሆንም ወይ?»

ይሆናል። ግን እንዴት እንደሚካፈሉ አስቀድሞ ካልታሰበ ወይ ቤቱ ይጨልማል ወይ መንደሩ ይጠማል። ብዙ ባለሙያዎች ቶሎ የሚሰጡት መልስ «ትልቅ ባትሪ ጨምሩበት» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ሌላ መንገድ ነው፤ እሱም ፈረቃ።

ሜክሲኮ አካባቢ የምንማር ሰዎች ፈረቃ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ መብራቱም በፈረቃ ሆኖ እንደነበር እናስታውሳለን። ከተማ ውስጥ ፈረቃ የእጥረት ስም ነው። መስመር በማይደርስበት ገጠር፣ አንድ ሶላር ባለበት ግቢ ግን ፈረቃ እጥረቱን ከነጭራሹ ሊያስቀር ይችላል።

የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት በአገራችን ከዋናው የመብራት መስመር የሚጠቀመው ቤተሰብ 33 በመቶ ገደማ፣ ከመስመር ውጪ በሆነ ምንጭ፣ በአብዛኛው በሶላር፣ የሚጠቀመው ደግሞ 24 በመቶ ገደማ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራምም 35 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ከመስመር ውጪ ባለ ኃይል ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ከገጠር የመጣን ተማሪዎች ይህን ከቁጥር ሳይሆን ከቤታችን እናውቀዋለን።

ጥያቄው አዲስም አይደለም። በአገራችን ከመስመር ውጪ የመጀመሪያ ከሚባሉት የሶላር ሥራዎች አንዱ በ1985 እ.ኤ.አ. በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር የተተከለው 10.5 ኪሎ ዋት ጣቢያ ነው። ለ300 ያህል ቤተሰቦች ታስቦ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. ወደ 30 ኪሎ ዋት ከፍ ተደረገ፤ ምክንያቱም ለመንደሩ የውሃ ፓምፕና ለእህል ወፍጮ የሚበቃ ኃይል ማስፈለጉ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ዛሬ ሶላር ብዙ ረክሷል፤ ቢሆንም በሶደቃ ገንዘብ የሚሠራ ጀመዓ «ወደፊት ሦስት እጥፍ እናደርገዋለን» ብሎ መጀመር አይችልም። ያለውን ማካፈል አለበት።

እስቲ ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። 1,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ አንድ ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 2.725 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 160 ሰው የሚጠቀምበት ጉድጓድ አለ እንበል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ስለነበር የቀኑ ፍላጎት 4,000 ሊትር ይሆናል። ውሃው ከመሬት በታች 24 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ሮቶው 4 ሜትር ማማ ላይ ቢቀመጥ፣ በቧንቧ ውስጥ ለሚባክነው 2 ሜትር ብንጨምር በጠቅላላው 30 ሜትር ነው። 4 ሲባዛ በ30 ሲባዛ በ2.725፣ 327 ዋት ሰዓት ይመጣል። ፓምፑና ሞተሩ ከሚወስዱት ውስጥ 40 በመቶውን ብቻ ለውሃው ያደርሳሉ ብለን ብንይዝ 820 ዋት ሰዓት ገደማ እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ጠባቂው ቤት እንግባ። አራት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 180፣ 40 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ቢከፈት 160፣ ለስልኮች 60፤ ድምሩ 400 ዋት ሰዓት ነው። ባትሪ የሰጡትን ሁሉ መልሶ ስለማይሰጥ 500 እንያዝለት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። 160 ሰው የሚያጠጣው ፓምፕ የሚፈልገው አንድ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ከሚፈልገው ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ፓምፕ ሲባል ኃይል የሚጠጣ ጭራቅ ይመስለዋል። ቴሌቪዥኑን የሚጠረጥር ግን የለም።

ለሁለቱም የሚያስፈልገው 1,320 ነው። ሁለት ባለ 300 ዋት ፓኔሎች ደመና በሚበዛበት ወቅት በቀን የአራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ያገኛሉ ብለን ብንገምት 2,400 ይሆናል፤ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነውን 30 በመቶ ስንቀንስ 1,680 ይቀራል። ስለዚህ ፀሐዩ ለሁለቱም ይበቃል። ቀሪው ጥያቄ ማን መቼ ይውሰድ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው በራሳቸው በዕቃዎቹ ጠባይ ውስጥ ነው። ባትሪ ትንሽ የተገኘውንም ይቀበላል። የማለዳ ደካማ ፀሐይ ሁለት አምፔር ብቻ ብትሰጠው ሁለቱን ይወስዳል። ፓምፕ ግን እንዲህ አይደለም። ውሃውን 30 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ግፊት እስኪያገኝ ድረስ ሞተሩ ቢዞር እንኳ ቧንቧው ጫፍ ላይ ጠብታ አይወጣም፤ ከዚያ በታች የሚወስደው ሁሉ ብክነት ነው። ስለዚህ ደካማውን ፀሐይ ለባትሪ፣ ብርቱውን ለፓምፕ መስጠት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ከቀኑ ፀሐይ ስድስት አስረኛውን ያህል ይይዛል። በምሳሌያችን ይህ 1,000 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ፓምፑ 820 ይበቃዋል። የማለዳውና የአመሻሹ ተደምሮ 600 በላይ ይሆናል፤ ቤቱ 500 ይበቃዋል።

የሰዓቱን ነገር ሰዓት የሌለው ሰውም ሊከተለው ይችላል። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው፤ ይህም በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከ6:10 እስከ 6:40 ባለው ውስጥ ይሆናል፤ የፓኔሉም ጫፍ ይኸው ነው። ዐስር የሚገባው ደግሞ የአንድ ነገር ጥላ፣ በዘዋል ጊዜ ከነበረው ጥላ ሌላ፣ ከቁመቱ ጋር እኩል ሲሆን ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ በምትውልበት ወቅት ይህ ማለት ፀሐይ ወደ 45 ዲግሪ ወርዳለች ማለት ነው፤ ጠፍጣፋ የተቀመጠ ፓኔል ከቀጥታው ብርሃን 70 በመቶውን ብቻ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላም መውረዱ ይፈጥናል። ስለዚህ ጠባቂው ለዐስር ውዱእ ሊያደርግ ሲነሳ ፓምፑን አጥፍቶ ፀሐዩን ወደ ባትሪ ቢያዞር በቂ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ዐስር የሚገባው ጥላው ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው፤ ለፓምፕ ጉዳይ ብቻ የሻፊዒዩን መያዝ ይሻላል።

«ማታ ውሃ ቢያስፈልግስ?» ለሚለው መልሱ ሮቶ ነው። ያንኑ 820 ዋት ሰዓት በባትሪ አስቀምጦ ማታ ለመሳብ፣ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት፣ 1,640 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። በ12 ቮልት ሲሰላ 137 አምፔር ሰዓት ነው። እሱም በደንብ ቢያዝ እንኳ በጥቂት ዓመታት ይለወጣል። 5,000 ሊትር ሮቶ ግን ከአንድ ቀን የሚበልጥ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ከጥላና ከንጽሕና በቀር የሚጠይቀው የለም። ውሃው ማማ ላይ ከወጣ ፀሐዩ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህን ስናስብ የሩማ ጉድጓድ ታሪክ በሌላ ዓይን ይታየናል። በሲራ መጻሕፍት እንደሚነገረው በመዲና የሩማ ጉድጓድ ባለቤት ውሃውን ይሸጥ ነበር። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) መጀመሪያ ግማሹን ገዙ፤ ክፍፍሉም በቀን ሆነ፤ አንዱ ቀን የእሳቸው፣ ሌላው ቀን የባለቤቱ። ሰዎች በዑስማን ቀን የሁለት ቀን ውሃ ቀድተው ያስቀምጡ ጀመር። ባለቤቱ በራሱ ቀን ገዢ ሲያጣ ቀሪውን ግማሽም ሸጠላቸው፤ እሳቸውም ለሙስሊሞች ሰጡት። ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምንናገረው ለልግስናው ነው። እንደ ምህንድስና ተማሪ ስናየው ግን ውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ የጊዜ ክፍፍልና ማጠራቀሚያ። ማጠራቀሚያ ስላለ ተራው ባልሆነበት ቀን የተጠማ የለም።

ሁለተኛ ዓይነት አከፋፈልም አለ። የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ የቀራ ሰው «ኢሕያኡል መዋት» የሚለውን ምዕራፍ ያስታውሳል። በጠባብ ወንዝ ማሳቸውን የሚያጠጡ ሰዎች ውሃው ካልበቃቸው ከላይ ያለው ይቀድማል፤ ነገር ግን ውሃው ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ ድረስ ብቻ ይይዝና ከበታቹ ላለው ይለቃል። መሠረቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ስለ መህዙር ጎርፍ የሰጡት ፍርድ ነው። እዚህ ክፍፍሉ በሰዓት አይደለም፤ በልክ ነው። ልኩ ሲሞላ ትርፉ ይወርዳል።

በሶላር ይህን የሚሠራው በባትሪው ቮልት የሚታዘዝ ሪሌ ነው። ፓምፑ በባትሪው መስመር ላይ ይገናኛል፤ ሪሌው ባትሪው እስኪሞላ ፓምፑን ይዞት ይቆያል። ለባለ 24 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ለምሳሌ 28.4 ቮልት ላይ ደርሶ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ፓምፑ እንዲነሳ፣ 25.6 ሲወርድ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት የሚተወው ደመና ባለፈ ቁጥር ፓምፑ ሲነሳ ሲቆም እንዳይውል ነው። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ቁጥሮቹ ይለያሉ፤ የራሱን መመሪያ ማየት ግድ ነው።

የትኛው ይሻላል? እንደ ባለቤቱ ይለያያል ብለን እናምናለን። ጉድጓዱም ቤቱም የአንድ ቤተሰብ ከሆነ የመህዙሩ ዓይነት ምቹ ነው፤ ሰው ሳይነካው ቀኑን ሙሉ ትርፉን ወደ ውሃ ይለውጣል። ጉድጓዱ የሶደቃ ከሆነ ግን አይመቸንም። ምክንያቱም ባትሪውን ከላይ አስቀምጦታል። ጠባቂው አንድ ማታ ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት ከከፈተ በማግስቱ ባትሪው እስኪሞላ ብዙ ይፈጃል፤ ፓምፑም እስከ ዙህር ላይነሳ ይችላል። የአንድ ቤት ማምሻ የ160 ሰው ወረፋ ይሆናል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሽቦው ግን እንዲህ ወስኗል። ለሶደቃ ጉድጓድ የሩማው ዓይነት ይሻላል፦ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ የውሃ ነው፤ ቤቱ ቢያመሽም ባያመሽም የማይነካ ነው። ባትሪውም ሆን ተብሎ አነስተኛ ይሁን።

የፈረቃው ዓይነት አንድ ጉድለት አለው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ እስከ መጨረሻው ለመሙላት በዝቅተኛ ኃይል ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ ሳይሞላ ከቆየ ውስጡ ይደርቅበታል እንደሚባለው ሰሌዳው ይጠነክርና አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉውን ለባትሪ መተው ያስፈልጋል። ያ ቀን ጁሙዓ አይሁን፤ የመታጠቢያው ውሃ የሚበዛበት ቀን ነው። ከዋዜማው ሮቶው ሞልቶ የሚያድርበት ሌላ ማንኛውም ቀን ይሆናል። በደጋው ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐዩ ሲደክም የዝናብ ውሃ ከጣራ ስለሚገኝ የፓምፑን ሰዓት አሳጥሮ ለባትሪ መጨመር አያስቸግርም።

ሽቦው ላይ ሦስት ነገር መጠንቀቅ አለብን። የመጀመሪያው፣ የፓምፑንና የባትሪውን ኮንትሮለር አንድ ላይ አንድ ፓኔል ላይ ማገናኘት ነው። ዘመናዊ ኮንትሮለር ፓኔሉ ብዙ የሚሰጥበትን ቮልት ከፍ ዝቅ እያደረገ ይፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሲፈልጉ አንዱ የሌላውን ያፈርሳል፤ በአንድ ገመድ ሁለት ሰው ባልዲ ለየራሱ እንደሚስብ ማለት ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ፓኔሉን ወይ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ብቻ የሚሰጥ ቼንጅ ኦቨር መኖር አለበት።

ሁለተኛው፣ ያ ቼንጅ ኦቨር ለዲሲ የተሠራ መሆን አለበት። ለቤት የምንገዛው የኤሲ ማብሪያ ማጥፊያ አይሆንም። የኤሲ ጅረት በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን ብልጭታው በራሱ ይጠፋል፤ የዲሲ ግን አያቋርጥም፤ ብልጭታው እየተዘረጋ ማብሪያውን ያቀልጣል፤ ጣራው ሣር ከሆነ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። የቀላል ባቡራችን የሚሄደው በ750 ቮልት ዲሲ ነው፤ ሜክሲኮ ጣቢያ ላይ ከባቡሩ አናት ከሽቦው ጋር የሚፈጠረውን ብልጭታ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ለዲሲ የተሠራም ቢሆን መጀመሪያ ፓምፑን በራሱ ኮንትሮለር አጥፍቶ ከዚያ ማዞር ይመረጣል። በባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይኑር።

ሦስተኛው፣ ርካሽ ነው ተብሎ ተራ የኤሲ ፓምፕ በኢንቨርተር ማስነሳት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሲነሳ ሲዞር ከሚወስደው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ጅረት ይስባል። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ለማስነሳት ብቻ 3,000 ዋት የሚችል ኢንቨርተር ሊያስፈልግ ነው። ኮንትሮለሩ ቀስ አድርጎ የሚያስነሳው የዲሲ ጠላቂ ፓምፕ ሲገዛ ይወደዳል፤ ቆይቶ ግን ይረክሳል። ጉድጓዱ ሲደርቅ ፓምፑን የሚያቆም መቆጣጠሪያም አብሮ ይገዛ። በምሳሌያችን 4,000 ሊትር በአምስት ሰዓት ማለት በሰዓት 800 ሊትር ነው፤ ጉድጓዱ በዚያ ፍጥነት ካላመነጨ ትንሽ ፓምፕ መርጦ ሰዓቱን ማራዘም ነው፤ ያኔ የቤቱ ድርሻ በዚያው ልክ ይጠብባል።

መርካቶ ለግዢ የምትወርዱ ሜትር ያዙ። ፓኔል ላይ የተለጠፈ ቁጥር ሊዋሽ ይችላል፤ ስፋቱ ግን አይዋሽም። ጥሩ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። «300 ዋት» ተብሎ አንድ ካሬ ሜትር ብቻ የሆነ ካያችሁ ሻጩን አመስግኑና እለፉ። ሲተከልም ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ዝንባሌው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይሁን፤ ለእኛ ኬክሮስ ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱም ከሽቦው ይቀድማል። ሰዎች ገንዘብ የሰጡት «ለውሃ» ብለው ከሆነ በዚያ ፓኔል የአንድ ሰው ቤት ማብራት ይቻላል ወይ? በወቅፍ የሰጪው ሸርጥ የሚከበር መሆኑን በመድረሳ ተምረናል። በሌላ በኩል ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያለ መሬታቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ የሚያስተዳድረው ሰው ሀብት ሳያከማችበት በአግባቡ ከእሱ እንዲበላ ፈቅደዋል። ጠባቂው ደመወዝ ሳይኖረው ጧትና ማታ ያንን ማብሪያ የሚያዞር ሰው ነው፤ መብራቱ የድካሙ ዋጋ ተደርጎ ሊታይ ይችላል ብለን እናስባለን፤ ፍርዱ ግን የዑለማዎቻችን ነው። እኛ ማድረግ የምንችለው መዋጮው ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ነው፦ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ኃይል የጉድጓዱ፣ ከዚያ ውጪ ያለው የጠባቂው ቤትና የመድረሳው መሆኑን። ሰጪው አንብቦ ይስጥ። የሰዓቱ ወረቀትም በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ ማብሪያው ሳጥን ላይ ይለጠፍ፤ ጠባቂው ቢለወጥ የሚተካው ሰው ከዚያ ያነባል።

ወሏሁ አዕለም።